ከፋይቭል ጋር የመጨረሻው ክርክር

የተከበሩ የሟች አባት፣ ሬብ ሌይቡሽ፤ የቀብር ዕድሩ ሽማግሌዎች፣ አባቶቼ፤ አከራያችን ወይዘሮ ፒክ፤ ከየአገሩ ወደ ቪየና ለሕክምና ትምህርት መጥታችሁ አብረን የተማርን፣ አብረን የተደበደብን እህት ወንድሞቼ፤ በረዶው ላይ ቆማችሁ እግራችሁ የደነዘዘ ሁሉ፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዛሬ ሐኑካ ነው፤ የመብራት በዓላችን። በሐኑካ በሬሳ ላይ ሙሾ አይወረድም፣ ውዳሴም አይነገርም። የዕድሩ ሹም አቶ ፕሮስኒትስ ቅድም መግቢያው ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ ሞርዶ፣ በዓል ነው፤ ሰው እንዳታስለቅስ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ፋይቭል ዙስማንን አላወድሰውም። ልጣላው ነው የመጣሁት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን ያድርገኝ!

ይህ ሰው በክርክር የመጨረሻውን ቃል ለማንም ለቅቆ አያውቅም። ለመምህር አይለቅም። ለፖሊስ አይለቅም። ለእኔማ ጭራሽ። ዛሬ ተጋድሞ ዝም ብሏል። ይህ ማምለጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? አልለቅህም። ፋይቭል፣ እስቲ መልስልኝ።

እኔ ከሰሎኒክ ነኝ። አባቴ የወደብ ጫኝ ነው፤ አጎቶቼም እንደዚያው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲመታህ ትመታዋለህ፤ ከዚያ አብራችሁ ትጠጣላችሁ። አይሁድ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ምን ገጠመኝ? ፋይቭል፣ ከጋሊሲያ፣ ጭቃው ጉልበት ከሚውጥበት ከተማ የመጣ፣ ንፋስ የሚወስደው ቀጫጫ፤ አባቱ የከተማው ቀብር ዕድር ሹም፤ እሱ ልጅነቱን በሙሉ የሃይማኖት ሕግ ሲያጠና ያደገ። ኤርጂ ደግሞ ከቡዳፔስት፤ አይሁድ በዝቷል ተብላ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረች፤ ጾም የሚባል ነገር መኖሩን ከእኛ የሰማች። ኤርጂ፣ አትቆጪ፣ እውነት ነው። እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት አይሁዶች ናቸው? አልኩ። እነሱም እኔን አይተው እንደዚያው አሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ታስታውሳላችሁ? ከእናንተ ስንቱ ጠባሳው አሁንም ግንባሩ ላይ አለ? ባለቆቦቹ፣ እነዚያ የማኅበር ቆብ የሚያደርጉ አይሁድ ጠል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው። ዱላ። የውሻ ጅራፍ። በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት። «አይሁድ ይውጣ!» እያሉ። እኛ ጭንቅላታችንን ይዘን በመካከላቸው እየሮጥን። ፖሊስ ከደረጃው በታች ቆሞ እያየ። እኔ የወደብ ልጅ ነኝና አልሮጥኩም፤ የመጀመሪያውን ባለቆብ ቡጢ አቀመስኩት። መንጋጋው ሲሰበር በጣቶቼ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም ሳልጨርስ አራት ሆነው ደረጃውን አንከባለሉኝ።

አስፋልቱ ላይ ተዘርሬ ቀና ስል አንድ ሰው በዚያ ዱላ መካከል ይወርዳል። ከንፈሩ ተተርትሯል። አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጸሎት ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው። ይመቱታል፤ ይራመዳል። ይመቱታል፤ ይራመዳል። ወርዶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ማን ትባላለህ?»

«ሞርዶ።»

«ያንን ሰውዬ መንጋጋውን ሰብረኸዋል። የቱ ጋ ነው የተሰበረው?»

«ምን?»

«ከጥርሶቹ ሥር ነው ወይስ ከጆሮው በታች? በጣትህ አልተሰማህም? ሐሙስ እኮ እንጠየቃለን።»

«አንተ ዕብድ ነህ እንዴ? ለምን አልሮጥክም?»

«ብሮጥ ያጠናሁትን እረሳዋለሁ።»

ተነሥቼ ወደ ላይ ልመለስባቸው ስል ሱሪዬን ጎትቶ አስቀመጠኝ። «ሞርዶ፣ ተቀመጥ። አልጨረስንም» አለኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የዚያን ዕለት ዘበኛው አዝኖልን የጓሮውን መስኮት ከፍቶ መሰላል አቁሞ ነበር። ሌላው ሁሉ በዚያ ሲወርድ ኤርጂ ባርኔጣዋን አስተካክላ በዋናው በር ወጣች። «በጓሮማ ከወጣሁ ከቡዳፔስት ምን አስወጣኝ?» አለች። የባርኔጣዋ መርፌ እጇ ውስጥ ነበር። አንዱ ባለቆብ ጭኑን ይዞ ሲጮኽ ሰምታችኋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስታችን በዋናው በር ገባን፣ በዋናው በር ወጣን።

ወይዘሮ ፒክ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት፤ እንዴት እንደምናጠና ያውቃሉ። ፋይቭል ብቻውን ማጥናት አይችልም። በአገሩ የሃይማኖት ሕግ የሚጠናው በጥንድ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያፈርሳል፣ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ደግሞ በዜማ ነው። እኛንም አጥንትና ነርቭ በዚያ ዜማ አስጀመረን። እኔ «ይህ ነርቭ በክርኑ ፊት ያልፋል» ስል፣ እሱ ጠረጴዛውን ደብድቦ፣ «ከየት አመጣኸው? ማን ነገረህ? በፊት ቢያልፍማ ክርንህን ስትመታ ትንሿ ጣትህ ለምን ይነዝራታል?» ይላል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክርኔን ይዞ ከአጥንቱ ጀርባ ሲጫነኝ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። «ይኸው! ማስረጃው ጮኸ!» አለ። ጎረቤት ሰው ተገደለ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ በሩን በርግዶ፣ «ማን ነው የሞተው?» አለ።

ፋይቭል ምን አለው? «እስካሁን ማንም። ግን ፈተናው ሐሙስ ነው።»

ሳቁ፣ ግዴለም። በዓል ነው፤ መሳቅ አልተከለከለም።

በእነሱ አገር በፋሲካ ሩዝ ክልክል ነው፤ እኔ ስበላ አይቶኝ ሊያንቀኝ ነበር። «ሩዝ! በፋሲካ ሩዝ!» «የእኛ አባቶች በልተዋል» ስለው፣ «የእናንተ አባቶች ሽፍቶች ነበሩ!» ይላል። ኤርጂ ማዶ ተቀምጣ፣ ለሁላችንም የተከለከለውን ዳቦ ቅቤ እየቀባች፣ «ስትጨርሱ ጨው አቀብሉኝ» ትላለች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የተማርኩት። በእኛ ወደብ የምንወደውንም የምንጠላውንም በቡጢ ነበር የምንመታው። ፋይቭል የሚወደውን ሰው በጥያቄ ይመታል። የእሱ ይብሳል። ቡጢ በሳምንቱ ይድናል፤ የፋይቭል ጥያቄ ግን እስካሁን ያመኛል።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልግባ።

ሬሳ እየከፈትን የምንማርበት ገበታ ላይ አንድ ሰውዬ አለ። ከድሆች ቤት የመጣ ክርስቲያን፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው፣ ስሙን የማናውቀው። ሌሎች ተማሪዎች ሬሳቸውን የቀልድ ስም ያወጡለታል፤ ሲጋራ አፉ ላይ ይሰኩበታል። ፋይቭል ይህን በገበታችን አላስደረገም። ሥራችንን በጨረስን ቁጥር ሰውየውን በአንሶላ ይሸፍነዋል፤ የራሱን የጸሎት ቆብ ያስተካክላል፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር፣ «ስምህን ባላውቀውም፣ ያሳመምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ» ይለዋል። ከአባቱ ያየው ነው። እነዚህ የዕድር አባቶች ሬሳ አጥበው ገንዘው ሲጨርሱ ሟቹን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁበት። ኤርጂም ሳቀች። በኋላ እኔም ጎንበስ አልኩ። ኤርጂ፣ አምላክ የለም የምትለዋ ኤርጂ፣ ከሁለታችን በላይ አጎንብሳ ስትቆይ አየኋት።

ባለቆቦቹም አዩ። አይሁዱ ክርስቲያን ሬሳ ላይ ይደግማል፣ ያሾፋል ብለው አወሩ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ለጠፉ፦ የክርስቲያን ሬሳ የሚቆርጥ አይሁድ የራሱን ሬሳ ያምጣ፤ ካላመጣ እጁ ይሰበራል። የሁለት ልጆች እጅም ተሰበረ። እዚህ ቆመዋል፤ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አስረው። ይቅርታ በመጠየቁ ነው ይህ ሁሉ የመጣው! ፋይቭል፣ እስቲ መልስልኝ፤ ዝም ብትል ምን ነበረበት?

ዝም አላለም። ወደ ዕድሩ ሄደ፤ እኛንም አስከትሎ። አቶ ፕሮስኒትስ፣ ያስታውሳሉ? «አባቴ፣ አንድ ሬሳ ይስጡን፤ ልጆች እየተሰበሩ ነው» አለዎት። እርስዎም፣ «ልጄ፣ ገላ የራስ አይደለም፤ አደራ ነው። እንደተሰጠን ሙሉውን እንመልሳለን» አሉት።

«የዚያ የክርስቲያኑ ድሃ ገላስ አደራ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ እሱ ሲቆረጥ ለምን ዝም አላችሁ?»

ያኔ እሱ ዓይኑ ቀልቶ፣ «እንግዲያው እኔ ስሞት እኔን ውሰዱኝ። ያንኑ ገበታ ላይ አጋድሙኝ። ከማንም የተሻለ አልሁን» ብሎ ማለ። ወደ እኔ ዞረ። «ሞርዶ፣ እጅህን ስጠኝ። ታደርገዋለህ?» የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መቼ ይሞታል ብዬ እጄን ሰጠሁት። አደርገዋለሁ አልኩ።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ባለቆቦቹ በሩ ላይ ጠበቁት። ሌላውን አልነኩም። እኔን፣ ጥርስ የነከሱብኝን እኔን እንኳ ገፍተው አሳለፉኝ። የፈለጉት እሱን ነበር። አንዱ፣ «ሬሳችሁን አምጡ አላልንም? እንግዲያው እኛው እናዘጋጅላችኋለን» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ብረቱን አነሣ። ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈው። ድምፁን አልነግራችሁም፤ ከእኔ ጋር ይቅር። ከወደቀ በኋላም አልተዉትም፤ በጫማ፣ በጎኑ፣ በፊቱ። ለመድረስ ስንቱን እንደመታሁ አላውቅም፤ ጥርስ ጉልበቴ ሥር ተሰባብሯል፤ እነዚህ ጣቶቼ እንደምታዩአቸው አይታጠፉም። ኤርጂ አንዱን በዓይኑ ሥር በመርፌ ወጋችው። አንጸጸትም። ፖሊሶቹ ከታች ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ። የትምህርት ግቢ ነው፤ ፖሊስ አይገባበትም፤ ሕግ ነው። የፋይቭል ደም ግን ደረጃውን ወርዶ ፖሊሶቹ ጫማ ሥር ሲደርስ ሕጉን አልጠየቀም።

ደርሼ ጭንቅላቱን ስይዘው አጥንቱ በመዳፌ ሥር ተንቀሳቀሰ። የትኛው አጥንት እንደሆነ አወቅሁት። እሱ ነበር ያስተማረኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ፣ «የአይሁድ ድርሻ ደርሶናል» ተብሎ ተጻፈ። አንብቤዋለሁ። ግን እጄን ሰጥቼ ነበር። ዕድሩ ሬሳውን አንሥቶ ወደ ዕድሩ ቤት ሲያመጣ በሩ ላይ ቆምኩ። ማንም አይቀብረውም፣ ምሏል አልኩ። አቶ ፕሮስኒትስ ሊያልፉኝ ሲሉ ገፋኋቸው። አባቴ፣ ትከሻዎን ዛሬም እንደሚያምዎ አውቃለሁ። ኤርጂ ደረቴን እየደበደበች፣ «አንተ ደደብ! ለእነዚያ አውሬዎች ልትሰጣቸው? ገድለውት ደግሞ ሊቆራርጡት?» አለችኝ። እያችሁ ነው? በአምላክ የማታምነዋ ሙሉ ገላው ይቀበር ትላለች፤ ሩዝ የሚበላው ሽፍታ መሐላ ይጠበቅ ይላል። ፋይቭል ቢኖር በደስታ ያብድ ነበር።

ረቡዕ ሬብ ሌይቡሽ ከባቡር ወረዱ። ጢማቸው ላይ በረዶ እንዳለ በሩ ላይ መጡ።

«ሰሎኒካዊው አንተ ነህ? ሩዝ የሚበላው?»

«አዎ አባባ።»

በጥፊ አጮሉኝ። ከዚያ ሁለት ወንበር ጎትተው ፊት ለፊት አስቀመጡ። «አሁን ተቀመጥና ተናገር» አሉ።

ተናገርኩ። እሳቸውም ጀመሩ፤ በዚያው ዜማ።

«ልጄ ሲምል፣ እነሱ እንደሚገድሉት ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«ሰው ሲምል ያልጠበቀው ነገር ከገጠመው መሐላው ይፈታል። ይህን ቢያውቅ ኖሮ አይምልም ነበር እንላለን።»

«ስለ ፋይቭል ነው የምናወራው? ቢያውቅማ ሁለት ጊዜ ይምል ነበር!» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩ።

ሬብ ሌይቡሽ አዩኝ። «እንዲህ እየጮህክ መከራከር ማን አስተማረህ?»

«ልጅዎ።»

ያኔ አለቀሱ። እየሳቁ አለቀሱ። ጢማቸውን ጠረጉና፣ «ረትተኸኛል። እውነቱ ካንተ ጋር ነው» አሉ። «ግን አልሰጥም። እኔ አባቱ ነኝ።»

ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ክርክር የረታ ሰው በሩን ለቅቆ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለቀቅሁ። ምን ልበላቸው? ፋይቭል፣ አንተ ብትሆን ምን ትላቸው ነበር? እስቲ መልስልኝ!

እሳቸውም ሥራቸውን ያዙ። በሰው እጅ የተገደለ አይታጠብም፤ እንደወደቀ፣ በልብሱ፣ ከደሙ ጋር ነው የሚቀበረው። ጋዎኑን አላወለቁለትም። «ውጭ የቀረ ደም አለ?» አሉኝ። «ደረጃው ላይ ደርቋል» አልኩ። «ውሰደኝ።»

ወሰድኳቸው። ኤርጂም መጣች። ባለቆቦቹ ዱላቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ሬብ ሌይቡሽ በመካከላቸው ወጡ። አንድ በአንድ እየረገጡ፣ ቀስ ብለው፣ ከጸሎት ወደ ቤት እንደሚሄድ ሰው። የልጃቸው አረማመድ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ተንበረከኩ። ደሙ ከበረዶው ጋር ድንጋይ ሆኗል። ኤርጂ ከቦርሳዋ የትምህርታችንን ስለቶች አውጥታ አደለችን። ሦስታችን ተንበርክከን ፋቅን፤ ነጭ ጨርቅ ላይ አጠራቀምን። በስተኋላችን ይስቃሉ። ይተፋሉ። ከዚያ አንዱ ዱላውን አንሥቶ የሽማግሌውን ጀርባ መታ። ድብ አለ።

ብድግ አልኩ። ስለቱ እጄ ላይ ነው። የአንገቱ የደም ሥር የቱ ጋ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ። እገድለው ነበር፤ ይህን ከእናንተ አልደብቅም።

ሬብ ሌይቡሽ ቀና እንኳ አላሉም። እየፋቁ፣ «ሞርዶ፣ ተቀመጥ። አልጨረስንም» አሉኝ።

ይህን ቃል ማን ነገራቸው? ማንም። ከእሳቸው ነበር የወጣው፤ ለልጃቸው ተረፈ፤ ልጃቸው ለእኔ ሰጠኝ። ተቀመጥኩ። ጨረስን።

ሰኞ ኤርጂና እኔ በዋናው በር እንገባለን። እጃችሁ የተሰበረው፣ ከፈለጋችሁ አብራችሁን ግቡ። ያ ስሙን የማናውቀው ሰውዬ ግራ ክንዱ ገና አላለቀም። በፋይቭል ዜማ እንጨርሰዋለን፤ ሸፍነንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ባለቆቦቹ ይስሙ።

አሁን አፈሩ ከመመለሱ በፊት፣ እንደ ሥርዓታችን፣ ይቅርታ ልጠይቅ። የገደሉህ አይጠይቁህም። እኔ እጠይቅሃለሁ። ፋይቭል የሌይቡሽ ልጅ፣ እጄን ሰጥቼህ አልፈጸምኩልህም። አባትህን እንቢ ማለት አቃተኝ። ይቅር በለኝ።

መልስልኝ።

አባቶቼ፣ አካፋውን ስጡኝ። በጀርባው እንጀምር፤ ልንቀብረው እንዳልቸኮልን ይወቅ። አፈሩ ይቅለልህ አልልህም፣ ወንድሜ፤ ቀላል ነገር ወደህ አታውቅም። ደህና ሁን ብቻ እልሃለሁ። ስንት ጊዜ ተጣልተን፣ አንዴ እንኳ የመጨረሻውን ቃል አስጥዬህ አላውቅም። ዛሬ እጄ ላይ ጥለኸው ሄድክ። አልፈልገውም፣ ፋይቭል። እንካ።